ስለ ፓርቲ መለያየትና ስለ ጎረቤት ጥላቻ

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ትንሽ ጽሑፍ የምትናገረው በምርጫ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ ስለሚያቋርጥ ሰው ነው። የትኛውን ፓርቲ መምረጥ እንደሚገባህ ልትነግርህ አልተጻፈችም፤ ያንን የሚነግሩህ ብዙዎች አሉ፥ እኔም ከእነርሱ አንዱ ልሆን አልፈልግም። ነገር ግን አንተ የመረጥኸውን ያልመረጠውን ሰው በምን ዓይን እንደምታየው፥ ስሙ ሲጠራ በልብህ ምን እንደሚነሣ፥ መከራ ሲያገኘው ታዝን ወይም ደስ ይልህ እንደ ሆነ፥ ይህ የምግባር ነገር ነውና ልንመረምረው ይገባል።

ከከተማችን ስም ልጀምር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ በጂቡቲ ምድር ባቡር መስመር ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ አስቀድሞ አዳማ ትባል ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በወንጌል በተጻፈችው ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ በኋላም የቀድሞ ስሟ ተመለሰላት። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፥ ዝዋይም ባቱ እንደ ተባሉ ማለት ነው። ስም መለወጥም ሆነ መመለስ በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በመናኸሪያ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ሲጣራ አንዱ ተሳፋሪ ፊቱን ያጠቁራል፤ ሌላው «አዳማ ወራጅ አለ» ሲል ደግሞ ከኋላው የተቀመጠው ያጉረመርማል። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንዲት ከተማ ነው፥ የከፈሉትም ሒሳብ አንድ ነው። ነገር ግን ያች አንዲት ቃል ከአፍ ስትወጣ ሰሚው የተናጋሪውን ፓርቲና ብሔር፥ የልቡንም አሳብ ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። አብዛኛው ሰው ግን ከተማውን የሚጠራው እናቱ ስትጠራ እንደ ሰማ ብቻ ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት የገለዓድና የኤፍሬም ሰዎች የአንድ አባት ልጆች ሳሉ እንደ ተዋጉ ተጽፏል። ገለዓዳውያን በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ አንዲት ቃል እንዲናገር ያዙት ነበር፤ ቃሉ «ሺቦሌት» ነበረ። አፉ አልታዘዝ ብሎት «ሲቦሌት» ያለ ሰው ይገደል ነበር፤ በዚያም ጊዜ 42 ሺህ ሰው ሞተ። (የምድርን አፈጣጠር የሚያጠኑ ሰዎች የዮርዳኖስን ሸለቆ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር አያይዘው ይናገራሉ። ከዚያ እስከዚህ መሬቱ ብቻ አይደለም የተያያዘው።)

አሁን ይህ ነገር በእኛ መካከል ጐልቶ የታየበትን ዘመን እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ኢትዮጵያ እስከዚያ ድረስ ካየቻቸው ምርጫዎች ሁሉ ይልቅ ክርክር የበዛበትና ብዙ ሰው በተስፋ የተሰለፈበት ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ ደጋፊዎች፥ በማግሥቱም የቅንጅት ደጋፊዎች በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ተሰበሰቡ፤ በሁለቱም ቀን አደባባዩ ሞላ፥ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ይህን ልብ በል፤ አንድ አደባባይ በተከታታይ ቀን ለሁለት ተቀናቃኞች በቅቶ ነበር። በአገሩ ሁሉ የንብ ምልክት ያለበትን ከናቴራ የለበሰው ወጣት፥ የቅንጅት ምልክት የሆኑትን ሁለት ጣቶች ከሚያነሣው ወጣት ጋር በአንድ መንገድ ይተላለፍ ነበር። በኦሮሚያም ከኦሕዴድ ጋር፥ በኅብረት ውስጥ የነበረው የዶክተር መረራ ጉዲና የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ፥ እንዲሁም የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራቲክ ንቅናቄ የሕዝብን ድምፅ ለማግኘት ይከራከሩ ነበር።

ከክርክሩ ጋር አብሮ ግን ሌላ ነገር ይበቅል ነበር። ከገዥው ወገን ተቃዋሚዎቹን በሩዋንዳ ሕዝብ ከፈጀው ከኢንተርሃምዌ ጋር የሚያመሳስል ንግግር ተሰማ፤ ከተቃዋሚው ወገን ደግሞ ኢሕአዴግን የመረጠ ሁሉ ሆዳም፥ ባንዳ፥ አገሩን የሸጠ ይባል ጀመር። እነዚህ ቃላት በአዳራሽ አልቀሩም፤ ወደ ሰፈር ወረዱ። ሴቶች ቡና ሲጠራሩ አንዲቱን መዝለል፥ በልቅሶ ቤት ተራርቆ መቀመጥ፥ ለልጅ «ከእነርሱ ቤት አትግባ» ማለት በብዙ ሰፈር ታየ። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ በውጤቱ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ሰኔ 1 ቀን፥ ደግሞም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ። ነገሩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደ ሞቱ፥ 763 ሰዎችም እንደ ቈሰሉ ቈጠረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከት። ቅንጅት ሦስት ዓመት ሳይሞላው መሪዎቹ ተለያዩ፤ በ2000 ዓ.ም. ስሙ ለአንዱ ክፍል ተሰጥቶ ሌሎቹ ሌላ ስም ያዙ። ኢሕአዴግ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ እርሱና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ያዙ፤ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. እርሱም ፈርሶ አብዛኞቹ አባል ድርጅቶቹ ብልጽግና ፓርቲ ሆኑ። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ያጫቸው ብርሃኑ ነጋ ታሰሩ፥ ተሰደዱ፥ ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የፖለቲካ ሰው ለአገሩ ይበጃል ባለው መንገድ ዛሬ ይቃወማል፥ ነገ ይተባበራል፥ ይህም ያለና የሚኖር ነው። እኔ የማስበው ስለ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነው፤ ስለ እነዚህ መሪዎች ብለው በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ «እንደምን አደርህ» መባባልን ስለ ተዉት ነው። ንቡም ሁለቱ ጣቶችም ከምርጫ ወረቀት ላይ ጠፉ። እነዚያ ሁለቱ ግን ብዙዎቹ ዛሬም ዝም እንደ ተባባሉ ናቸው። ለምን እንደ ጀመሩ ልጆቻቸው ቢጠይቋቸው ያፍሩ ይሆናል።

ምናልባት አንባቢ «ሰው የሚጣላው አሳቡ ስለ ተለያየ ነው፤ አሳብ እስካለ ድረስ ጠብ አይቀርም» ይል ይሆናል። ይህ ነገር እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ማስረጃውም ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ ነበሩ። ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነበር፤ ሁለቱም ማርክሳውያን ነበሩ፤ መሬት ለአራሹ እንዲሆን ሁለቱም ጮኸዋል፤ ከመሪዎቻቸውም ብዙዎቹ በውጭ አገር በአንድ ማኅበር ተቀምጠው የተወያዩ ነበሩ። የተለያዩበት ዋናው ነገር ደርግን በምን መንገድ መያዝ ይገባል የሚል ነበር። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ። አንዱ በ«ዴሞክራሲያ»፥ ሌላው በ«የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ጋዜጣ ተሰዳደቡ፤ ከስድብ ወደ ጥይት ተሻገሩ። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የመኢሶን ሰው ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ፤ ነጭ ሽብርና ቀይ ሽብር ተባለ፥ ወንድም ወንድሙን ጠቈመ። የዚያው ዓመት መጨረሻ ሳያልፍ መኢሶንም ራሱ ከደርግ ሸሽቶ በስውር ሆነ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም ተይዞ ተገደለ። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ብትገባ በግድግዳው ላይ የወጣቶች ፎቶግራፍ ተደርድሮ ታያለህ። ስለ ማን ብለው እንደ ሞቱ ከፊታቸው ለማወቅ አትችልም።

እንግዲህ ጥላቻ በአሳብ ልዩነት ልክ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለቱ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ይልቅ ሊዋደዱ በተገባቸው ነበር።

በሌላ አገርም ይህንኑ መርምረው አግኝተዋል። አሜሪካ ከእኛ በፊት ብዙ ዘመን በፓርቲ የኖረ አገር ነው። በእ.ኤ.አ. 1960 ዓ.ም. ሰዎችን «ልጅህ የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ይከፋሃል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፥ ይከፋኛል ያለው በሁለቱም ወገን ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበር። በ2010 ዓ.ም. እንዲሁ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ግን ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፥ ከዴሞክራቶችም ሢሶው ይከፋናል አሉ። ሌሎች መርማሪዎች ደግሞ «ከሪፐብሊካኖች መካከል በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኙት ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ በአማካይ ከመቶ 38 ብሎ ገመተ፤ እውነቱ ግን ከመቶ 2 ያህል ብቻ ነበር። ተመልከት፤ ሰዎቹ የሚጠሉት በአጠገባቸው የሚኖረውን ደመወዝተኛና ገበሬ ሳይሆን በአሳባቸው የሣሉትን ሀብታም ነው። እኛስ ስለ ሌላው ወገን በልባችን የሣልነው ሥዕል በምን ይሻላል?

ታዲያ የጥላቻው ሥር ወዴት ነው? እኔ ባየሁት መጠን ከሁሉ የሚበልጠው ፍርሃት ነው። ምርጫ በተሸነፈ ጊዜ ሰው የሚያጣው ክርክሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሌሊት ተናዶ በማግሥቱ ወደ ሥራው በሄደ ነበር። ነገር ግን ያ ወገን ካሸነፈ ሥራዬን እነጠቃለሁ፥ ቋንቋዬ ይናቃል፥ ቤቴ ይወሰዳል፥ ከዚህ ከተማ እባረራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው፥ ተቀናቃኙን እንደ ተከራካሪ አያየውም፤ እንደ ወራሪ ያየዋል። አዳማ ራሷ እንዲህ ያለውን ነገር ቀምሳለች፤ በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከፊንፊኔ ወደ እርስዋ ተዛወረ ተባለ፥ በዚህም ተቃውሞ ተነሥቶ ብዙ ተማሪዎች ተቀጡ፤ በሰኔ 1997 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ከተማ በፖለቲካ ሰዎች እጅ እንደ ዕቃ ስትመዘን የነዋሪው ልብ መሥጋቱ አያስደንቅም።

በእኛ አገር ይህን ፍርሃት የሚያከፋው ሌላ ነገር አለ። ፓርቲዎቻችን በአብዛኛው በብሔር ስም የተቋቋሙ ናቸው። ይህን ያመጣ በቂ ምክንያት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለሌሎች እተወዋለሁ፤ ቋንቋውና ክብሩ ለረጅም ዘመን የተናቀበት ሕዝብ በስሙ ተሰብስቦ መብቱን መጠየቁ ማንንም ሊያስቈጣ አይገባም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለውን እናስተውል፤ ፓርቲና ዘር አንድ የሆኑ እንደ ሆነ አሳቡን የለወጠ ሰው እናቱን የካደ ይመስላል፥ ፓርቲን የነቀፈም ሕዝብን የሰደበ ይመስላል። እንደ አዳማ ባለች ከተማ፥ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ጉራጌው፥ ሌላውም ተጋብተው በሚኖሩባት፥ ባልየው በአንድ ወገን ሚስቲቱ በሌላ ወገን ስትቈጠር፥ ልጆቹ ወዴት ይቈጠሩ?

ከዚህ በኋላ ስም ማውጣት ይመጣል። ሰው ጎረቤቱን በገዛ ስሙ እየጠራ ክፉ ሊያደርግበት ይከብደዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ስሙን ይለውጥበታል። በደርግ ዘመን «አናርኪስት» ተባለ፤ ከዚያም «ጠባብ» እና «ትምክህተኛ» መጡ፤ «ነፍጠኛ» ዛሬም ከአንዳንዱ አፍ አልወጣም፤ «የቀን ጅብ» ተባለ፥ «ጁንታ» ተባለ። ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ ሲጀመሩ የተወሰኑ ሰዎችን ክፉ ሥራ ለመግለጥ የተነገሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ ገበያ ሲወርዱ ግን ሻይ የምትሸጠውን ድሀ ሴት ይመታሉ።

ይህ ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያ ይደርሳል። በዚያም አገር በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ፤ በውጤቱ ጠብ ተነሥቶ 1,133 ሰዎች እንደ ሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ ተናገረ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳውም ስምጥ ሸለቆ የሚባለው ክፍለ አገር ነበር። በኤልዶሬት አጠገብ በኪያምባ፥ ሸሽተው ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ሴቶችና ሕፃናት ከነቤቱ ተቃጠሉ። በዚያ ምርጫ ኡሁሩ ኬንያታና ዊልያም ሩቶ በተቃራኒ ወገን ቆመው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ፥ ሁለቱ በአንድነት ተወዳደሩ፥ አሸነፉም፤ አንዱ ፕሬዚዳንት ሌላው ምክትል ሆነ። ኋላ ደግሞ ተለያዩ። የኪያምባ ሙታን ግን ከዚህ አንዱንም አላዩም።

በእኛም ዘንድ የሆነውን ልንሸሽግ አይገባንም። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከስደት የተመለሰውን ጃዋር መሐመድን ለመቀበል ተሰበሰበ። የደስታ ቀን ነበር። በመካከሉ «ይህ ሰው ቦምብ ይዟል» የሚል ወሬ ተነሣ፤ ሰውየው ተደበደበ፥ ተገደለ፥ ቍልቍልም ተሰቀለ። ቦምብ አልነበረም። ያ ሕዝብ ከቤቱ ሲወጣ ሰው ለመግደል አልወጣም፤ ለማየትና እልል ለማለት ወጣ። ነገር ግን በልቡ አስቀድሞ «ጠላት በመካከላችን አለ» የሚል አሳብ ተዘርቶ ነበርና አንዲት የወሬ ጠብታ በቃችው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜም ኀዘኑ በብዙ ከተማ ወደ ሁከት ተለወጠ፤ በሻሸመኔና በባቱ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ሁከት 123 ሰዎች እንደ ሞቱ ገለጠ። በዚያኑ ቀን ጎረቤታቸውን በጓዳቸው ሸሽገው በደጃፋቸው የቆሙ ሰዎችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ያን ቀን ፓርቲያቸውን አልለወጡም፤ የትናንቱን ጎረቤት ዛሬም ጎረቤት አሉት እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሻለሁ። አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ይጠይቀኛል፤ «ወንድሜን የገደሉ፥ አባቴን ያሰሩ እነርሱ ናቸው። አንተ ግን ውደዳቸው ትለኛለህ። እናንተ ሰባኪዎች ሁልጊዜ የተበደለውን ዝም ታሰኛላችሁ።» ይህ ክስ በከንቱ የሚነገር አይደለም፤ ፍቅርን ስለ ፍትሕ ላለመናገር መሸሸጊያ ያደረጉ ሰባኪዎች ነበሩ፥ አሁንም አሉ። እኔ ግን ዝም በል አልልህም። ገዳይ በስሙ ይጠራ፥ በሸንጎ ይቁም፥ እንደ ሥራው ይፈረድበት። ፍርድና ጥላቻ አንድ እንዳልሆኑ ግን እወቅ። ፍርድ «ማን አደረገው? በምን ቀን? በምን ትእዛዝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥላቻ «ከማን ወገን ነው?» ብሎ ጠይቆ ይበቃዋል። ስለዚህ ጥላቻ ብዙ ጊዜ ዋናውን በዳይ አያገኘውም፤ እርሱ በዘበኛ የተጠበቀ ነውና በቅርብ ያለውን ድሀ ያገኛል።

ከላይ ስለ አጣሪ ኮሚሽኑ ተናግሬ ነበር፤ ወደ እርሱ ልመለስ። የኮሚሽኑ አባላት 193 ሲቪሎችንና 6 ፖሊሶችን በአንድ መዝገብ ላይ ጻፉ። ከዚያም የመንግሥት ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጡ ስምንቱ አልፏል፥ ሁለቱ አላለፈም አሉ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አገር ጥለው ወጡ። ስለ እውነት ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዋጋ የከፈሉት የአንድ ወገን ሙታንን ብቻ በመቍጠር አይደለም። የፖሊሱም እናት አልቅሳለችና ስድስቱም ተቈጠሩ። የአንተ ወገን ሰው ሲሞት «ሰማዕት»፥ የሌላው ሲሞት «የእጁን አገኘ» የምትል ከሆነ ግን ፍትሕን የፈለግህ አይመስለኝም፤ ተራን ነው የምትጠብቀው።

በምዕመናን ጉባኤ መካከልም ይህ ነገር ይገባል። በምርጫ ወራት የአንዱ ወገን ሰዎች በአንድ አግዳሚ፥ የሌላው በሌላ አግዳሚ ሲቀመጡ ዓይቻለሁ፤ የጸሎቱም ቃል ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለማዶው አግዳሚ የተላከ ይመስል ነበር። ጌታ ኢየሱስ ከመረጣቸው ከአሥራ ሁለቱ ማቴዎስ ለሮም መንግሥት ሹሞች ቀረጥ የሚሰበስብ ነበረ፤ ቀናተኛ የተባለው ስምዖን ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀራጭ እንደ ከሐዲ ከሚቈጥሩት ወገን ነበረ ይባላል። ሁለቱ ስንት ዓመት በአንድ ማዕድ እንጀራ ቈረሱ! ማቴዎስ ቀራጭነቱን ትቶ ነበር እውነት ነው፤ ሰው ግን ሥራውን ቢተው ስሙና ታሪኩ አብሮት ይኖራል። ስምዖን በየማለዳው ያን ፊት ያይ ነበር። በመካከላቸው ክርክር እንዳልነበረ አልተጻፈም፤ ከማዕዱ ተነሥቶ እንደ ሄደ የተጻፈልን ሌላ ሰው ነው።

የአገሩም ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም። የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሕዝቡን በአምስት ጎጌሳ ከፍሎ፥ ለእያንዳንዱ በየተራው ስምንት ስምንት ዓመት ሥልጣን ይሰጣል፤ ጊዜው ሲፈጸም ባሊውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። የወረደውም ዩባ ተብሎ ይከበራል፥ ምክር ይጠየቃል፤ አይታደንም፥ አይዋረድም። ይህንም ሥርዓት ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የዛሬው ፖለቲካችን ይህን በየስብሰባው እያመሰገነ በሥራው ግን መርሳቱ አስቂኝ ነው፥ ባያስለቅስ ኖሮ። በአርሲም ወንዶች ሲጣሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል የቆሙ እንደ ሆነ ማንም ያንን በትር አልፎ መምታት ነውር ነው። ይህችን ጽሑፍ የምታነቢ እኅቴ ሆይ፥ ሲንቄ በእጅሽ ባይኖር እንኳ ጀበና አለሽ። ጎረቤቶችሽን ስትጠሪ ማንን እንደምትዘይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ስለ ዕድርም አንድ ነገር ልናገር። ዕድር ድንኳን ሲተክል «የሞተው ማንን መረጠ?» ብሎ አይጠይቅም፤ በዚህም ምክንያት በከተሞቻችን ካሉት ማኅበራት ሁሉ እርሱ የተሻለ ዕድሜ አግኝቷል። ስለዚህ የዕድር ዳኛ የሆንህ አንባቢ፥ ማናቸውም ፓርቲ፥ የምትወደውም ቢሆን፥ በዕድሩ ስብሰባ ስለ ምርጫ ልናገር ቢልህ በትሕትና ከልክለው። ሌላ አዳራሽ አይጠፋም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ፤ ዛሬ ወሬ በእግር አይሄድም፥ በእጃችሁ ባለው ስልክ በአንድ ቅጽበት ከአዳማ ሻሸመኔ ይደርሳል። ስለ ሌላው ወገን ክፉ ነገር ስትሰሙ፥ ይልቁንም ልባችሁ «አላልሁም ነበር?» ብሎ ደስ ሲለው፥ ያን ጊዜ ቁሙ። ያየው ማን ነው? መቼ? ስለ እኛ ወገን ይህ ቢነገር አምነው ነበር ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። የተቀናቃኛችሁንም አሳብ እርሱ ራሱ «አዎን፥ እንዲህ ነው የምለው» እስኪላችሁ ድረስ መናገር ካልቻላችሁ ገና አልሰማችሁትምና መልስ አትስጡ። የራሳችሁ ወገን ክፉ ሲያደርግ ከሌላው ቀድማችሁ ተናገሩ። ይህን ያደረገ ሰው ከወዳጆቹ ብዙ ስድብ ይደርስበታል፤ እኔም አይደርስበትም ብዬ ላታልላችሁ አልሻም።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ቀርቷል። «በ1997 ወይም በ2012 ዓ.ም. የተኳረፍሁት ጎረቤት አለ፤ በዳዩ እርሱ ነው። እኔ ልቅደም ወይ?» ይላሉ። ቅደም። ስለ ፖለቲካ ለመነጋገር ግን አትሂድ፤ ማን ትክክል እንደ ነበረም አታንሣ፥ በዚያ ነገር ዛሬም ላትስማሙ ትችላላችሁ። ልቅሶ ቢደርስበት፥ ልጁ ቢመረቅ፥ እርሱ ቢታመም፥ በዚያ ምክንያት ግባ፤ በአገራችን እንዲህ ባለ ቀን የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነውና በሩ ይከፈትልሃል። ጥቂት ተቀመጥ፥ የቀረበልህን ቅመስ፥ ሳትረዝም ተነሣ። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ፊቱ አይፈታ ይሆናል፥ ሚስቱ ብቻ ታናግርህ ይሆናል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ሳምንት ቈይተህ እንደ ገና ሂድ፤ በሁለተኛው ጊዜ ልጅህን አስከትል።